አልጋው የማን ነው? ከውጭ ታካሚ የሚገኝ ገቢና የመንግሥት ሆስፒታሎቻችን



በአዲስ አበባም ሆነ በአዳማ፣ በደሴም ሆነ በሐዋሳ አደባባዮች የሕመምተኛ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት መኪና ሞንታርቦ ጭኖ ሲያልፍ ያላየ የለም። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩ በትልቁ ተጽፎ፣ አንድ ወጣት ለኩላሊት፣ አንዲት እናት ለልብ ቀዶ ሕክምና ወደ ሕንድ፣ ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ቱርክ ለመሄድ የሚያስፈልጋቸው ገንዘብ ከመንገደኛው ይለመናል። እድሩ ያዋጣል፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ያዋጣሉ፤ ዱባይ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው እህት የወር ደመወዟን ትልካለች። ገንዘቡ ተሟልቶለት የሄደ አለ፤ ሳይሟላለት የተቀበረም አለ።

እኛ የሕክምና ቱሪዝምን ጉዳይ የምንጀምረው ከዚህ መኪና ነው። ሹማምንቱ ቃሉን ሲያነሡ የሚታያቸው ዶላር ይዞ በቦሌ የሚገባ እንግዳ፣ መስተዋት የለበሰ ሕንፃና የሚቆረጥ ሪባን ነው። አገራችን ግን በዚህ ንግድ ውስጥ ከገባች ቆይታለች፤ የገባችውም በሻጭነት ሳይሆን በሸማችነት ነው። ለመዳን ሲባል መንገድ መሄድ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። ጠበል ፍለጋ ቀናት በእግሩ የሚጓዝ ሕዝብ ነው፤ ዋና ከተማችን ራሷ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው በሰፈሩበት ሜዳ የተቆረቆረች ናት። አዲሱ ነገር መንገዱ ድንበር መሻገሩና ዋጋው በዶላር መሆኑ ነው።

ዋጋውን እንመልከት። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። 10 ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ቀዶ ሕክምና 570 ሺህ ብር ይፈልግ ከነበረ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ከ1 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር በላይ ፈለገ ማለት ነው። የሰውየው ሕመም ያው ነው፤ ደመወዙም እንደ ዶላሩ አልጨመረም። የሕክምና ቦርድ «በአገር ውስጥ አይታከምም» ብሎ የጻፈለት ወገን ወረቀቱን ይዞ ምንዛሪ ፍለጋ ከባንክ ባንክ መንከራተቱ ሳያንስ፣ ምንዛሪው ሲገኝ ደግሞ ብሩ አልበቃ አለው።

ይኸው የብር መውደቅ ሌላም ገጽታ አለው። በብር የሚከፈል ሕክምና ዶላር ለያዘ ሰው ረክሷል። ይህ በሌላ አገር ሲሆን ታይቷል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታይላንድ ገንዘብ ባት ዋጋው ሲወድቅ የባንኮክ የግል ሆስፒታሎች ከፋይ የአገሬው ታካሚ ራቃቸው። ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። ብዙ የአገራችን ሰው በስሙ የሚያውቀው ቡምሩንግራድ ሆስፒታል በ2002 እ.ኤ.አ. የጆይንት ኮሚሽን ኢንተርናሽናልን የጥራት ማረጋገጫ አገኘ፤ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከሌላውም ዓለም ታካሚ ጎረፈለት። ሕንድም በ2005 እ.ኤ.አ. ለታካሚ ብቻ የሚሰጥ ቪዛ ለይታ አወጣች።

ከታይላንድ ታሪክ ውስጥ ሹማምንቶቻችን የማያነሡት ክፍል ግን አለ። የታይላንድ መንግሥት በ2001 እና በ2002 እ.ኤ.አ. ማንኛውም ዜጋ 30 ባት ብቻ ከፍሎ የሚታከምበትን የጤና ሽፋን ዘረጋ። ለእንግዳው አንድ በር፣ ለባለቤቱ ሌላ በር ተከፈተ ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ የአገሪቱ ምሁራን ስሞታ አላቆሙም፤ የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪሞች የተሻለ ክፍያ ፍለጋ የውጭ ሰው ወደሚታከምባቸው የግል ሆስፒታሎች ፈልሰዋልና። ታይላንድ ዜጋዋን በሽፋን ሥር አስገብታ ይህ ከደረሰባት፣ እኛ ሽፋኑ ሳይኖረን በሩን ብንበረግደው ምን ይደርስብናል? የእኛ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። ተቀጣሪው የከተማ ነዋሪ የአዋጁን ስም እንጂ ካርዱን አላየም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የካንሰር የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲጀመር በአገሪቱ ብቸኛው ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይም ብቸኛው ሆኖ ኖረ። ከጎንደር፣ ከጅግጅጋ፣ ከጋምቤላ የተነሣ ሕመምተኛ በአዲስ አበባ ዘመድ ቤት ወይም በየሰፈሩ ተከራይቶ ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ ወረፋው ወራት ይፈጃል፤ ማሽኑ ሲበላሽ ደግሞ ይረዝማል። እብጠቱ ግን ወረፋ አይጠብቅም። እዚያው ግቢ ውስጥ በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሳሽነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል የብዙ ልጆችን ሕይወት አትርፏል፤ ይሁን እንጂ ሥራው ለረጅም ጊዜ የተንጠለጠለው ከውጭ በሚመጡ የሐኪሞች ቡድኖችና በለጋሾች ላይ ነበር። ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። በሌሎቹ ሆስፒታሎች ያለውን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ሲቲ ስካን «ተበላሽቷል»፣ መድኃኒት «ከውጭ ግዙ»፣ አልጋ «የለም»፣ ቀጠሮ «ከስድስት ወር በኋላ»።

ይህ ሁሉ ሲሆን የሚቻል ነገር አለመኖሩ እንዳይመስላችሁ። በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀመረ። ከዚያ በፊት ለዚህ ሕክምና ከአገር መውጣት ግድ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን ተምረው የሚሠሩት የእኛው ልጆች ናቸው። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል ደግሞ ከብዙ አገሮች ቀዶ ሐኪሞች ሊማሩበት የሚመጡበት ነው፤ ታካሚዎቹንም በነፃ ያክማል። ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ስም የሚገኘው በሕንፃ ብዛት ሳይሆን አንዱን ሥራ አጥብቆ በመያዝ ነው።

ስለዚህ የፓርቲያችን አቋም ይህ ነው። የመጀመሪያው የሕክምና ቱሪስት በሞንታርቦ የሚለመንለት ወገናችን ነው። እሱን ከባንኮክ ጉዞ የሚያስቀረው መሣሪያ፣ የሠለጠነ ሐኪምና የማይቋረጥ መብራት የሐርጌሳውንም፣ የጁባውንም፣ የጅቡቲውንም ሰው ወደ እኛ የሚያመጣው ነው። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አይደሉም። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉና በሒሳቡ አያያዝ ላይ ነው።

በአባሎቻችን መካከል በዚህ ላይ ጠንካራ ክርክር ተደርጓል። «ለራሳችን አልጋ ሳይኖረን እንግዳ እንዴት እንጠራለን?» ያሉ ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በአልጋው ላይ ሳይሆን በሐኪሙ ላይ ይገኛል። ኢትዮጵያ ለ10 ሺህ ሕዝብ አንድ ሐኪም ግድም ያላት አገር ናት። በዚችው አገር ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስድስትና ሰባት ዓመት ተምረው፣ ተመርቀው፣ ምደባ አጥተው ቤተሰባቸው ላይ የተቀመጡ ወጣት ሐኪሞች ታይተዋል። ሕመምተኛው ሐኪም ፍለጋ ይሰለፋል፤ ሐኪሙ ሥራ ፍለጋ ይሰለፋል። በመካከላቸው የጠፋው ደመወዝ የሚከፍል በጀት ነው። በሥራ ላይ ያሉትም ቢሆኑ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ክፍያቸውና የሥራ ሁኔታቸው እንዲሻሻል ጠይቀው፣ ሰሚ ሲያጡ ሥራ አቁመዋል። መንግሥት በመጀመሪያ የሰጠው መልስ እስር ነበር፤ የደመወዝ ማሻሻያው የመጣው በኋላ ነው። ሌሊቱን በሙሉ ተረኛ ሆኖ የሚያድር ሐኪም የቤት ኪራዩን መክፈል ካልቻለ፣ ፓስፖርቱን ቢያወጣ ማን ይፈርድበታል?

እንግዲህ ከውጭ ታካሚ የሚገኘው ገቢ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ገቢው ሥራ ያጣውን ሐኪም ከቀጠረበት፣ የቆመውን ማሽን ካስጠገነበት፣ እንግዳው የያዘው አልጋ ከነዋሪው አልጋ የተቀነሰ ሳይሆን የተጨመረ ይሆናል። ገቢው ወደ ሌላ ኪስ ከሄደ ግን ያው አንድ አልጋ ነው፤ ዶላር ያለው ይተኛበታል፣ ብር ያለው ኮሪደር ላይ ይተኛል።

ሆስፒታሎች ገቢ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን አንክድም። ከአገሪቱ የጤና ወጪ ሲሶ ያህሉ በቀጥታ ከታካሚው ኪስ፣ ሌላው ሲሶ ያህል ደግሞ ከውጭ ዕርዳታ ሲሸፈን ኖሯል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ የሁለተኛው ሲሶ መሠረት ምን ያህል አሸዋ ላይ እንደነበረ ታየ። በ2001 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር። ከፈረሙት አንዷ የእኛ አገር ናት።

ማን ይመጣል? ከባንኮክ ጋር ተወዳድረን አውሮፓዊ እናመጣለን የሚል ሕልም የለንም። ከሞቃዲሾ፣ ከሐርጌሳ፣ ከጅቡቲና ከጁባ ግን ቦሌ ቅርብ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ እነዚህ ከተሞች ይበራል። ከእነዚህ አገሮች ለሕክምና አዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ በየግል ሆስፒታሉና በየዲያግኖስቲክ ማዕከሉ ይታያሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላ የካርቱም ሆስፒታሎች አብዛኞቹ ከሥራ ውጭ ሆነዋል፤ እዚያ ይታከም የነበረ ሁሉ ሌላ አገር ለመፈለግ ተገድዷል። የጎረቤትን መከራ እንደ ገበያ የማየት ፍላጎት የለንም፤ ጎረቤት ሲታመም በሩን ማንኳኳቱ ግን የማይቀር ነው፤ ሥርዓት ይዞ መቀበል ይሻላል። በሌላ በኩል ከአሜሪካና ከአውሮፓ ለእረፍት የሚመጡ ወገኖቻችን ጥርሳቸውን እዚህ አሠርተው የሚመለሱት በከንቱ አይደለም፤ ልዩነቱ የአውሮፕላን ትኬታቸውን ይሸፍንላቸዋል። በነገራችን ላይ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ቢጫ ካርድ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በእኛ ዘንድ በዋጋም ሆነ በወረፋ እንደ ባዕድ አይታይም።

አጀማመሩም ከጥርስ፣ ከዓይን፣ ከምርመራና አስቀድሞ ቀጠሮ ከሚያዝላቸው ቀዶ ሕክምናዎች መሆን አለበት። የድንገተኛ ክፍል፣ የወሊድ ክፍልና የፅኑ ሕሙማን ክፍል ለገቢ ተብሎ አይነኩም።

የሕግ ጥያቄ ወደሆነው እንምጣ፤ እኛ ከሁሉ በላይ የምናተኩረው እዚህ ላይ ነውና። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድደዋል። ግዴታው የመንግሥት ነው፤ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ከእንግዳ ለቅሞ የሚወጣው አይደለም። ስለዚህ ከውጭ ታካሚ የተገኘ ገቢ በመደበኛው በጀት ላይ የሚጨመር እንጂ በጀቱ የሚቀነስበት ሰበብ እንዳይሆን በሕግ መጻፍ አለበት። ይህ ካልተጻፈ የገንዘብ ሚኒስቴር በሦስተኛው ዓመት «እናንተማ ገቢ አላችሁ» ማለቱ አይቀርም።

በ1990 ዓ.ም. የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ ሲጸድቅ፣ ሆስፒታሎች የሰበሰቡትን ገቢ ወደ ግምጃ ቤት ከማስገባት ይልቅ ለራሳቸው አገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት መንገድ ተከፈተ። መልካም እርምጃ ነበር። በዚሁ መንገድ «ፕራይቬት ዊንግ» የሚባለው መጣ፤ የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪም ከሥራ ሰዓት ውጭ ከፋይ ታካሚን በዚያው ሆስፒታል ያክማል፣ ክፍያውም ለሆስፒታሉና ለባለሙያው ይከፋፈላል። ሐኪሙን ከስደት ለማስቀረት ጠቅሟል። ነገር ግን በዚህ ክንፍ ምን ያህል ተሰበሰበ፣ በምን ላይ ዋለ፣ በቀን ቀጠሮ ያጣው ሰው በማታ ከፍሎ ስንት ጊዜ ታከመ የሚለው በሆስፒታሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እኛ አላየንም። ለአገር ልጅ ያልተነገረ ሒሳብ ለእንግዳ ሲሆን ይበልጥ ይጨልማል።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር በሕግ ገድበውታል። በእንግሊዝ የለንደን ታላላቅ የሕዝብ ሆስፒታሎች ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጡ ከፋይ ታካሚዎችን ይቀበላሉ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ግን ራሳቸውን የሚያስተዳድሩት ሆስፒታሎች ከአገሪቱ የጤና አገልግሎት ውጭ የሚያገኙት ገቢ የጠቅላላውን ግማሽ እንዳይደርስ ይከለክላል። ያም ቢሆን እጅግ ልቅ ነው ተብሎ ተተችቷል። በእስራኤል የሕዝብ ሆስፒታሎች ለገቢ ሲሉ የውጭ ታካሚን ከነዋሪው ያስቀድማሉ የሚል ክስ ለዓመታት ሲነሣ ቆይቶ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የሕክምና ቱሪዝም ሕግ ወጣ። የእነዚህ አገሮች የሕክምና ደረጃ ከእኛ ጋር አይወዳደርም፤ ወረፋን ለገንዘብ የመሸጥ ፈተና ግን እነሱንም አልማረም።

በመሆኑም ፓርቲያችን በሕዝብ ይሁንታ ወደ ምክር ቤት ሲገባ ስለ ውጭ ታካሚዎች ራሱን የቻለ አዋጅ ያቀርባል። በአዋጁ መሠረት በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ለውጭ ታካሚ የሚያዘው አልጋ ከአሥር አንዱን አይበልጥም፤ የአገር ውስጥ ታካሚ የወረፋ ጊዜ ከተወሰነው ልክ ካለፈ ደግሞ ያ ክፍል ወረፋው እስኪያጥር የውጭ ታካሚ አይቀበልም። ከወጪ ቀሪ ገቢው ለሦስት ይከፈላል፤ ግማሹ መክፈል ለማይችሉ ኢትዮጵያውያን ከባድ ሕክምና በሚከፈት ፈንድ ውስጥ ይገባል፣ ሩቡ ለመሣሪያና ለጥገና ይውላል፣ ሩቡ ለባለሙያዎች ይከፈላል። ባለሙያ ስንል ሐኪሙን ብቻ አይደለም፤ ነርሷ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ድርሻ አላቸው። ፈንዱ የመጀመሪያ ተጠቃሚ የሚያደርገው የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉትን ወገኖች ነው፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለሚደረግ እጥበት ቤት ንብረቱን የሸጠ ስንቱን እናውቃለን።

የሰው አካል በዚህ ንግድ ውስጥ አይገባም። ኢትዮጵያዊ ለውጭ አገር ዜጋ ኩላሊት እንዲሰጥ የሚያግባባ፣ የሚያደራድር ወይም ቀዶ ሕክምናውን የሚፈጽም ማንም ሰው በወንጀል እንዲጠየቅ፣ ሆስፒታሉም ፈቃዱን እንዲያጣ በአዋጁ ይደነገጋል። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕንድ በ1994 እ.ኤ.አ. የአካል ሽያጭን በሕግ እስከ መከልከል የደረሰችው የድሆች ኩላሊት በገንዘብ ሲለወጥ ስላየች ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም የንቅለ ተከላ ባለሙያዎች ኢስታንቡል ላይ ተሰብስበው ለንቅለ ተከላ ተብሎ የሚደረግ የአካል ግዢ ጉዞን አውግዘዋል። ድህነትና ዶላር በአንድ ክፍል ውስጥ ከተገናኙ ደላላ ለመምጣት አይዘገይም።

ስለ ደላላ ከተነሣ፣ ዛሬ ወገኖቻችንን ወደ ውጭ የሚልኩ አገናኞች ብዙዎች ናቸው። በታማኝነት የሚሠሩ አሉ። ከሆስፒታሉ ኮሚሽን እየተቀበሉ ታካሚው የማያስፈልገውን ሕክምና ጭምር እንዲገዛ የሚገፋፉም አሉ። አገናኝ ሁሉ እንዲመዘገብ፣ የሚያገኘውን ኮሚሽን ለታካሚው በጽሑፍ እንዲገልጽ እናደርጋለን፤ ይህ ወደ ውጭ ለሚልከውም ወደ አገር ለሚያስገባውም እኩል ይሠራል።

ለሚመጣው እንግዳም ሕግ ያስፈልገዋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2639 ጀምሮ ስለ ሕክምናና ስለ ሆስፒታል ውል ይደነግጋል፤ ጥሩ መሠረት ነው። ሕክምናው ቢበላሽ ግን የጁባው ወይም የሐርጌሳው ሰው አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ተቀምጦ ክስ ሊከታተል አይችልም። ሆስፒታሎች የሙያ ኃላፊነት መድን እንዲገቡና ቅሬታ በአጭር ጊዜ የሚታይበት የግልግል ጉባኤ እንዲኖር እናደርጋለን። የእኛም ሰው በዚሁ ጉባኤ ይጠቀማል፤ እስከ ዛሬ የሚያዝንበት እንጂ የሚካስበት አላገኘምና።

የግል ሆስፒታሎችን በሚመለከት መንግሥት ከመንገዳቸው ገለል ማለት ያለበትን ያህል ገለል ይላል። መሣሪያና መለዋወጫ በጉምሩክ ለወራት ተይዞ እንዳይቀር ይደረጋል። በምላሹ የውጭ ታካሚ የሚቀበል የግል ሆስፒታል ከመንግሥት ሆስፒታል በሪፈር የሚላኩ የተወሰኑ ታካሚዎችን በመንግሥት ታሪፍ ያክማል። በመንግሥት ወጪ ስፔሻሊስት የሆነ ሐኪምም የአገልግሎት ዘመኑን ሳይጨርስ በውጭ ታካሚ ገቢ የሚተዳደር ሆስፒታል እንዳይወስደው ስምምነት ይኖራል፤ ለዚህ ግን ቀድሞ የመንግሥት ሆስፒታል ደመወዝ ሰው የሚያኖር መሆን አለበት። ሐኪምን በፊርማ ብቻ አስሮ ማቆየት እንደማይቻል የእስከ ዛሬው አሳይቷል።

እያንዳንዱ ሆስፒታል በበጀት ዓመቱ መጨረሻ፣ ሰኔ 30 ቀን፣ ከውጭ ታካሚ የሰበሰበውን ገንዘብ፣ ያስተኛውን የውጭ ታካሚ ቁጥር፣ በፈንዱ የታከሙትን ኢትዮጵያውያን ቁጥርና በየክፍሉ ያለውን የወረፋ ርዝመት በካርድ ክፍሉ በር ላይ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ይለጥፋል። በዋናው ኦዲተር ይመረመራል። ለሆስፒታሉ ቦርድ ከነዋሪዎች የሚመረጡ ሁለት ሰዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም የፓርቲ አባል፣ የእኛም ቢሆን፣ እንዳይሆኑ በአዋጁ ይጻፋል። ዕጩዎቻችን በየወረዳችሁ ለቅስቀሳ ሲመጡ ይህን ረቂቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ስለ አልጋው ድርሻም ሆነ ስለ ገቢው ክፍፍል ቁጥር በቁጥር ጠይቋቸው።